ባለ አርባ ሻማ

እምሩ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የአራዳን የመብራት ቆጣሪ ሲያነብ ኖሮ በሰባ ስምንት ዓመቱ አንድ አምፖል አቃተው። ነገሩ ያስቃል። መሳቅ ያማረው ይሳቅ፤ ግን እስከ መጨረሻው ሰምቶ ይሁን።

አምፖሉ የአባጆራ ነው። አባጆራው ደግሞ እሪ በከንቱ ሰፈር ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤታቸው፣ የሚስቱ የየሺዓለም ራስጌ ኮመዲኖ ላይ የተቀመጠ፣ እግሩ ነሐስ፣ ጨርቁ ከዕድሜ ብዛት የሻይ ቀለም የያዘ አሮጌ ዕቃ ነው። በተጋቡ በሁለተኛው ዓመት ፒያሳ ከአንድ ግሪክ ሱቅ ገዝቶ ያመጣላት እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ መንግሥት ተቀየረ፣ ጎረቤት ተቀየረ፣ የሰፈሩ ግማሽ ፈርሶ አስፋልት ሆነ፤ አባጆራው ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም።

የሺዓለም ናት የሄደችው። አልጋዋ ላይ አለች፤ የሄደው ሐሳቧ ነው። ሐኪሙ የመርሳት በሽታ መሆኑን፣ መድኃኒቱም ቢያዘገየው እንጂ እንደማያድናት እቅጩን ነግሮታል። ሦስት ዓመት ሆናት። ቀን ቀን እምሩን አንዴ ወንድሜ ትለዋለች፣ አንዴ የቀበሌ ሰው ታደርገዋለች፣ አንዴ ደግሞ ዝም ብላ ታየዋለች። ከሁሉም የሚብሰው ዝምታዋ ነበር።

ማታ ላይ ግን ሌላ ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲል እምሩ ሾርባ ይዞ ይገባል፤ የአባጆራውን ማብሪያ ይጫናል፤ ያ ለስላሳ ቢጫ ብርሃን ግድግዳው ላይ ይዘረጋል። ያኔ የሺዓለም ዞር ትልና «መጣህ እምሩ?» ትለዋለች። ሾርባዋን ከእጁ ትጠጣለች፣ መድኃኒቷን ትውጣለች፣ የድሮ ጎረቤት ታማለች፣ አንዳንዴም «ጺምህን ተላጭ እንጂ፣ ምን ሆነሃል አንተ ሰው?» ብላ ትቆጣዋለች። ቢበዛ ግማሽ ሰዓት ነው፤ ከዚያ ተመልሳ ትሄዳለች። እምሩ ቀኑን ሙሉ የሚኖረው ለዚያች ግማሽ ሰዓት ነበር። ይህንንም ለማንም አልተነፈሰም። ሚስቴ አታውቀኝም ብሎ ለጎረቤት መናገር አሳፍሮት፣ ሰው በጠየቀው ቁጥር «ትንሽ ደክሟት ነው» እያለ ሦስት ዓመት ሸፈነው።

ማክሰኞ ማታ ማብሪያውን ሲጫን አምፖሉ አንዴ ብልጭ ብሎ ጠፋ። የጣሪያውን መብራት አበራ። የሺዓለም ወደ እሱ አልዞረችም። «እምሩ ነኝ፣ የሺ» አላት። ሾርባውን ወደ አፏ ሲያስጠጋላት ከንፈሯን ገጠመች። ያን ማታ ሳትበላ አደረች።

በማግስቱ የተቃጠለውን አምፖል በመሐረብ ጠቅልሎ ወደ ፒያሳ ወጣ። ከጊዮርጊስ ወረድ ብሎ የየሲን የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ አለ። የየሲን አባት አብዱልሃሚድ በሕይወት ሳሉ የሱቁን ቆጣሪ ያነብ የነበረው እምሩ ነው፤ ስለዚህ እዚያ ሲገባ እንደ ገዢ ሳይሆን እንደ ባለሙያ ነው የሚገባው።

«ባለ አርባ ሻማ ስጠኝ» አለው፣ መሐረቡን ባንኮኒው ላይ ፈትቶ።

የሲን አምፖሉን አገላብጦ አየው። «ጋሽ እምሩ፣ ይኼ እኮ የድሮው ባለ ክሩ ነው። ከገበያ ከጠፋ ቆየ። አሁን በሻማ መቁጠርም ቀርቷል። ኤል ኢ ዲ ልስጥዎት፤ ለራስጌ ከሆነ የዚህ አምስቱ ይበቃዎታል፣ እንደ ድሮው አርባ ነው የሚያበራው።»

«አምስት?» እምሩ የተሰደበ መሰለው። «አምስት ሻማ የት ይደርሳል? ስማ ልጄ፣ አንተ ሳትወለድ፣ ስድስት ቤት በአንድ ቆጣሪ ሲጣላ ገላጋዩ እኔ ነበርኩ። የማን ቤት መቶ፣ የማን ቤት ስልሳ እንደሰካ ከቆጣሪው አዟዟር ለይቼ እናገር ነበር። አርባ ብያለሁ፣ አርባ ስጠኝ።»

«አርባ አለኝ፤ ግን እሱ የመጋዘን ነው።»

«ስጠኝ አልኩህ እኮ!»

የሲን ከሽማግሌ ጋር መከራከር አይወድም። የሕፃን ራስ የሚያክል ነጭ አምፖል ከመደርደሪያ አውርዶ ሰጠው። እምሩም ልጅን ሥራ አስተማርኩ ብሎ ደረቱን ነፍቶ ወደ ቤቱ ወረደ።

ማታ አበራው። ክፍሉ ስታዲየም ሆነ። የጣሪያው ጥላሸት፣ የግድግዳው ስንጥቅ፣ ከአልጋው ሥር ያለው አቧራ ሳይቀር ወጥቶ ታየ። የሺዓለም በሁለት እጇ ዓይኗን ሸፈነች።

«ፈታሾች መጡ!» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ልመና ጀመረች። «እምሩ የለም፣ ሥራ ነው። እባካችሁ ጌቶቼ፣ እሱ ምንም የለበትም። የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ቆጣሪ ነው የሚያነበው። ተዉልኝ።»

እምሩ የእጁን ሾርባ እያፈሰሰ መብራቱን አጠፋው። በቀይ ሽብሩ ዘመን፣ በስልሳ ዘጠኝ፣ ፈታሾች ባትሪ እያበሩ ቤታቸው ሲገቡ፣ እሷ በር ላይ ቆማ እነዚህኑ ቃላት ስትናገር እሱ ከጓዳ ሆኖ ሰምቷል። ያኔ ያዳነችው ከሰው ነበር፤ አሁን የምታድነው ከራሱ ነው። ጨለማው ውስጥ ልመናዋ ሳያባራ ቆየ፤ እሱም አጠገቧ ተቀምጦ እጇን ሊይዝ ፈልጎ ፈራ።

ሐሙስ አንገቱን ደፍቶ ወደ የሲን ሱቅ ተመለሰ። ጨዋ ልጅ ነው፤ ነግሬዎት ነበር አላለውም። አምስቱን ሰጠው። ነጭ ይሁን ቢጫ ሻጩም አልጠየቀ፣ ገዢውም አልተናገረ። እምሩ ቆጣሪ ባነበበባቸው ዓመታት ሁሉ አምፖል በሻማ እንጂ በቀለም አይለይም ነበር።

አምስቱ ዓይን አልወጋም። ነጭ ነበር፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ፣ የሆስፒታል ነጭ። እምሩ ሾርባውን ይዞ ጎንበስ ሲል ያ ብርሃን ፊቱ ላይ አርፎ አገረጣው። የሺዓለም አተኩራ አየችው፤ እጇን ሰድዳ ጉንጩን ዳሰሰችው። አምፖሉ ከተቃጠለ ወዲህ በእጇ ስትነካው የመጀመሪያዋ ነበር፤ እሱም ጉንጩን ወደ መዳፏ አስጠጋ።

«እምሩዬ» አለች። ወዲያው ደግሞ ደረቷን መታች። «እምሩዬ! ወየው! ለማን ጥለኸኝ ሄድክ!»

«አለሁ የሺ፤ አለሁ እኮ!»

ሟች አለሁ ቢል ማን ይሰማዋል? ጩኸቷ ከቤቱ አልፎ ግቢውን ሞላው። እሪ በከንቱ ደግሞ ዘመኑ ምንም ቢሆን የሙሾ ድምፅ ሰምቶ ዝም የሚል ሰፈር አይደለም። ከአጥር ማዶ ያለችው ዘቢደር ነጠላዋን ዘቅዝቃ ደረሰች። ሌሎችም ተከተሏት። የዕድሩ ዳኛ መድኃኔ ግቢው መሐል ቆሞ ድንኳኑ የትኛው ጥግ እንደሚተከል በዓይኑ መለካት ጀምሯል። በሩን የከፈተላቸው ራሱ እምሩ ነበር።

«ማነው የሞተው?» አለች ዘቢደር፣ እንባዋ ጉንጯ ላይ እንዳለ።

«እኔ ነኝ» አላት።

ሊቀልድ ፈልጎ አልነበረም። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። በኋላ «ቅዠት ነው፣ ደክሟት ነው» ብሎ ሸኛቸው። መድኃኔ ሲወጣ ትከሻውን ቸብ አድርጎ «ዕድሜ ይስጥህ» አለው። እምሩ ምርቃቱን አልወደደውም።

ከዓርብ እስከ እሑድ ፒያሳን አካለላት። ከተማዋ በአዳዲስ የመንገድ መብራት ተጥለቅልቃለች፤ ዛፍ ሳይቀር አምፖል ለብሷል። እሱ የሚፈልገው አንድ ብቻ ነው። ቢጫ ኤል ኢ ዲ አለ ሲሉት ገዝቶ ሞከረው፤ ቢጫነቱ ከክሩ ቢጫ ጋር በስም እንጂ በመልክ አይገናኝም። የሺዓለም አልጮኸችም፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። አምስት ኪሎ ድረስ ሄደ። አንዱ ባለ ሱቅ «አባባ፣ እሱን ሙዚየም ይጠይቁ» አለው። ሌላው «ባለ ክር ከሆነ ልብስ ሰፊ ጋ ነዋ!» ብሎ ጓደኞቹን አሳቀ። ድሮ ቢሆን አራዳ የሆነ መልስ አያጣም ነበር። አሁን «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብሎ ወጣ።

በእነዚያ ቀናት የሺዓለም የምትበላው ከዘቢደር እጅ ብቻ ነበር። ዘቢደርን «እህቴ» ትላታለች። እምሩ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ የማንኪያውን ድምፅ ይሰማል። ቅናት ያዘው። በሰባ ስምንት ዓመት፣ በጎረቤት ሴት፣ በሾርባ። በራሱ አፈረ፤ ቅናቱ ግን አልለቀቀውም።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ዘቢደር ባዶ ሳህኑን ይዛ ስትወጣ አጠገቡ ቆመች። «ጋሼ፣ ምንድን ነው ነገሩ? እርስዎን ስታይ ለምንድን ነው የምትሸሸው?»

ያኔ ዘረገፈው። ሦስቱን ዓመት፣ ግማሽ ሰዓቷን፣ አርባ ሻማውን፣ ሁሉንም። እያወራ አለቀሰ፤ እንባውንም ለመጥረግ አልሞከረም። «እኔን ካላወቀችኝ እኔ ማን ነኝ? ሌላ ማንም የለኝም» አላት። ልጅ አልወለዱም፤ ዘመድ የሚባለውም አልቋል።

ዘቢደር እስኪጨርስ ሰማችው። ከዚያ «ባለ ክር ነው ያሉት?» ብላ ሳህኑን መሬት አስቀምጣ ሮጠች። ስትመለስ በነጠላዋ ጫፍ የያዘችው ነገር ገና ትኩስ ነበር። አምፖል ነው፣ ባለ ክር፣ ግንባሩ ላይ አርባ ተብሎ የተጻፈበት።

«ለጫጩቶቼ ማሞቂያ ነው። ከእናቴ ዕቃ ያገኘሁት ነው፣ ሌላ የለኝም» አለችው። «ከአጥር ማዶ እያለ ነው ፒያሳን ሲዞሩ የከረሙት? ምነው በነገሩኝ ኖሮ!»

«ጫጩቶቹስ?»

«በካርቶን አድርጌ ከጎኔ አስተኛቸዋለሁ። ይልቅ ይሂዱ፣ እንዳይመሽ።»

እምሩ ጺሙን ተላጨ። ሸሚዝ ቀየረ። ሾርባውን አሞቀ። አምፖሉን ሲያጠብቀው ሁለቴ አጣመመው፤ በሦስተኛው ገባ። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ማብሪያውን ተጫነው።

ያው ብርሃን ነበር። ምንም አልጎደለውም። የግድግዳው ስንጥቅ ጠፋ፣ የአባጆራው ጨርቅ የሻይ ቀለም ተመለሰ፣ ክፍሉ ጠበብ ብሎ ሞቀ። የሺዓለም ከግድግዳው ዞረች። ከራስጌዋ የተሰቀለውን የማርያምን ሥዕል አየች፣ አባጆራውን አየች፣ ብርድ ልብሷን በእጇ ዳሰሰች። ግንባሯ ሲፈታ እምሩ በዓይኑ አየው።

«እፎይ» አለች። «ቤቴ ገባሁ።»

እምሩ ማንኪያውን ጨብጦ ጠበቀ። እሷም ቀስ ብላ ወደ እሱ ቀና አለችና ፈገግ አለችለት። ለእንግዳ የሚሆን፣ የቤት እመቤት ፈገግታ ነበር።

«ውይ፣ ቆመው ቀሩ እኮ። ይቀመጡ እንጂ» አለችው።

ተቀመጠ።

«ባለቤቴን ፈልገው ነው? ሥራ ወጥቶ ነው፣ አሁን ይመጣል። ይኼ መብራት ሲበራ ይመጣል። እምሩ ይባላል፤ ያውቁታል?»

«አውቀዋለሁ» አለ እምሩ።

«ቁጡ ነው እንጂ ጥሩ ሰው ነው።»

ሾርባውን ዘረጋላት። በትሕትና እጁን መለሰችው። «እሱ ሲመጣ አብረን እንቀምሳለን። እርስዎም ይቆዩ» አለችው። ስለ እምሩ ታወራው ጀመር፤ ጫማውን በር ላይ ስለማውለቁ፣ ቆጣሪ ሲያነብ በውሻ ስለመነከሱ፣ ሁሉንም አንድ ሳትስት። እምሩ በሦስት ዓመት ያልሰማውን ያህል ስለ ራሱ ሰማ። እየቆየ ግን ዓይኗ ወደ በሩ ይሄድ ጀመር፤ ንግግሯም ተቆራረጠ።

«ዛሬስ ምን ነካው? እንዲህ አይዘገይም ነበር። እባክዎ፣ ካላስቸገርኩዎ፣ ወደ ደጅ ብቅ ብለው ይዩልኝ።»

ወጣ። በሩን ከኋላው ገርበብ አድርጎ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ሰው ከሥራ እየተመለሰ በግቢው ያልፋል፤ አንዱ «እንደምን አመሹ» አለው፣ እሱም አመሰገነ። ምን ያህል መቆየት እንዳለበት አላወቀም። በመጨረሻ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ጫማውን አወለቀ፣ ድሮ ከሥራ ሲገባ እንደሚያደርገው ድምፁን ከፍ አድርጎ «የሺ! መጣሁ!» ብሎ በሩን ገፋው።

የሺዓለም ከትራሷ ቀና ብላ እየጠበቀች ነበር። አየችው፤ ከኋላው ሌላ ሰው ይኖር እንደሆነ ደግሞ አሻግራ አየች።

«አላገኙትም?» አለችው።

«አላገኘሁትም» አላት።