ደካማው ምትክ

ሌስሊ ለንደን ውስጥ ባለ አንድ ሙዚቃዊ ቲያትር ትሮምቦን ነፊ ነው። የሚቀመጠው ከመድረኩ ወለል ሥር ስለሆነ የኦርኬስትራውን መሪ ሂላሪን በቴሌቪዥን ያያታል፤ እሷ ግን አታየውም፣ ትሰማዋለች እንጂ። ጥርሱን ተነቅሎ ለአንድ ሳምንት መንፋት ሲያቅተው፣ እንደ ሙያው ልማድ ማንንም ሳያስፈቅድ ምትኩን ራሱ መረጠ። ጎበዝ ልኮ ወንበሩን ሊነጠቅ ነው? ሆን ብሎ ከሚያውቃቸው ሁሉ ደካማውን፣ ባርናቢን ላከ።

«ጆሮዋን ያደንቁረውና ያኔ ዋጋዬን ታውቃለች!»

ሲመለስ ሂላሪ ጓደኞቹ ፊት አስቆመችው።

«ሌስሊ፣ ባለፈው ሳምንት ምን ተፈጠረ?»

ልቡ በደስታ ዘለለ።

«ስንት ዓመት ስታደነቁረኝ ኖረህ፣ ገና አሁን ሙዚቀኛ ሆንክ! በል እንደሱ ቀጥልበት።»

ነገሩን የሚያውቁት ጓደኞቹ ሳቃቸውን አፍነው አቀረቀሩ።

«አመሰግናለሁ» አለ ሌስሊ።