በሽብሩ ጉሮሮ ውስጥ የከረመው አልቅት

ይህ ታሪክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እውነት ነው። አንዲት ቃል ዝንፍ ካለች ምላሴን ከሥሩ ቁረጡት።

በደርግ ጊዜ ነው። የከምባታዋ የሺንሺቾ ከተማ አናጢ ሽብሩ ገበያ መሃል ጉሮሮውን ሲጠርግ፣ እዚያ ማዶ ዱራሜ ከተማ የታሰረ አህያ ጆሮውን ያቆም ነበር። የወንጌላውያኑ ቤተ ክርስቲያን በመንግሥት ትእዛዝ ከመዘጋቱ በፊት መዘምራኑን የሚመራው እሱ ነበር። ከተዘጋ በኋላ ያ ሁሉ ድምፅ ሥራ ፈትቶ መቀመጡ የቀበሌውን ሊቀመንበር ጓድ ተገኘን አላስቻለውም። “ለሜይዴይ ሰልፍ መፈክር የምታሰማው አንተ ነህ” አለው። ተገኘም ቢሆን ድሮ ከሽብሩ ጎን ቆሞ በወፍራም ድምፁ የሚቀበል ዘማሪ ነበር፤ አሁን ግን ይህን ደፍሮ የሚያነሳበት የለም።

ሰልፉ ሲቃረብ ሽብሩ ከሥራ ሲመለስ ጠማውና ከምንጭ በእፍኙ ጠጣ። በማግስቱ ጉሮሮውን አንዳች ነገር ይኮረኩረው ጀመር። ደም ተፋ። ድምፁም ተሰንጥቆ እንደ ተጣለ ዋሽንት ሲጥ ሲጥ ብቻ ሆነ። ከውሃው ጋር አልቅት ውጦ ኖሯል።

“አሻጥር ነው!” አለ ተገኘ። “ሰልፍ ሲደርስ ነው አልቅት የሚገባብህ? እስኪ አሳየኝ! ካላየሁት እስር ቤት ትገባለህ፣ እዚያ ድምፅህ ይመለሳል።”

ሽብሩ ገበያው መሃል አፉን ከፈተ። ተገኘ በባትሪ አየው።

“ምላስ አለ። ጥርስ አለ፣ አንዱ በስብሷል። ላንቃ አለ፣ እንጥልም አለ። አልቅት የለም!”

የክሊኒኩ ድሬሰር ጴጥሮስ ተጠራ። “ጓድ ሊቀመንበር፣ ከእንጥሉ ኋላ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ለምግብ፣ አንዱ ለአየር። አልቅቱ መገንጠያው ላይ ነው የሰፈረው። ብርሃን ሲያይ ይሸሻል።”

“በሉ፣ አልቅቱም አናርኪስት ነው!” አለ አንድ ቅቤ ሻጭ። ገበያው በሳቅ ተንጫጫ።

ጴጥሮስ ሽብሩን ጨው የበዛበት ቆሎ አስበልቶ ውሃ ከለከለው። ከዚያ ፀሐይ ላይ አስቀምጦ ቀዝቃዛ ውሃ በሳህን ከአገጩ ሥር ደቀነለት። “ወንድሜ፣ አፍህን ከፍተህ ጠብቅ። እንዳንተው ጠምቶታል፤ ውሃ ሲሸተው ይወርዳል።” ገበያተኛው ሁሉ ዙሪያውን ከበበ፤ የሻጮቹ ቅቤ ፀሐይ ላይ ሲቀልጥ ዞር ብሎ ያየ የለም።

ሽብሩ ምራቁ እየተዝረበረበ የእስር ቤቱን በር ያስባል። ደግሞም አፉን እንዲህ በልቅጦ ከከፈተ ስንት ዘመኑ! ያኔ እሑድ ጠዋት፣ የቆርቆሮው ጣሪያ በመዝሙር ሲንቀጠቀጥ፣ እሱና ተገኘ በአንድ የመዝሙር መጽሐፍ ላይ አንገታቸውን ገጥመው... ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሰው ግን ከጨው የመጣ መስሎት ነበር።

ድንገት አልቅቱ ብቅ አለ። ለጉብኝት እንደ ወጣ የክፍለ ሀገር ሹም እየተጎማለለ በእንጥሉ ሥር አለፈ፣ ምላሱን በርዝመቱ ተራመደ፣ የበሰበሰው ጥርስ ላይ አረፍ አለ። ከዚያ ሳህኑ ውስጥ ጧ!

ጴጥሮስ በመቆንጠጫ አንጠለጠለው። “ይኸው ምስክርዎ፣ ጓድ ሊቀመንበር። በል ሽብሩ፣ ድምፅህን ሞክረው።”

ሽብሩ ሞከረ። የወጣው ግን መፈክር አልነበረም፤ በከምባትኛ የሚዘመረው ያ የተከለከለው የድሮ የእሑድ መዝሙር ነው።  ምን እያለ እንደሆነ ለራሱ ለሽብሩ የገባው ሁለተኛው ስንኝ ላይ ነው፤ ጉድ ፈላ! ቀና ብሎ ተገኘን አየ።

የተገኘ አፍ ተከፈተ። ጥንት በሚቀበልበት ቦታ ላይ፣ በዚያው በወፍራም ድምፁ ተቀበለው። አንድ ስንኝ። ከዚያ አፉን ገጠመና ሳለ።

“አልቅቱ እውነት ነው” አለ መሬት መሬት እያየ። “ጉሮሮው ግን ገና አልዳነም። መፈክሩን ሌላ ሰው ያሰማ።” ኮፍያውን ደፍቶ ሄደ።

ቢላ መሳሉን ተዉት፤ ዝንፍ ላለችው ለአንዷ ቃል የምላሴን ጫፍ ብትነኩ ይበቃል፤ ተገኘ ዘመረ ያልኳችሁን እኔ ነኝ የጨመርኩት። አፉ ግን እውነት ተከፍቶ ነበር። ፀሐይ ገብቶበት እስከ እንጥሉ ታይቷል።