ትእዛዙ የማን ነበር

ሥራ አስኪያጁ አቶ ተስፋሚካኤል መጽሐፉን እንደ ወንጌል ከፍ አድርገው ይዘውታል። ሽፋኑ ላይ የሚቃጠል ድልድይና አንድ ሄሊኮፕተር አለ። ጠመንጃ ጨብጠው የማያውቁ ሰው ናቸው፤ ይህን የጦርነት ልብወለድ ካነበቡ ወዲህ ግን ቂሊንጦ ያለው የካርቶን ፋብሪካ ግንባር፣ ሠራተኛው ጦር፣ እሳቸውም ኮሎኔል ሆነዋል። ከመጽሐፉ አሥራ ሁለት የአመራር ትምህርቶች አውጥተው፣ አባዝተው ለየክፍል ኃላፊው አድለዋል።

«ትምህርት ሰባት» አሉ ስብሰባው ላይ። «ኮሎኔሉ ድልድዩን ተሻገሩ ብሎ አዘዘ። ሰዎቹ አለቁ። ሲጠየቅ ምን አለ? ትእዛዙ የእኔ ነው አለ! መሪ ማለት ይሄ ነው።»

አዳራሹ አጨበጨበ። ሥርጉት አላጨበጨበችም። የፈረቃ ኃላፊ ናት፤ ጽሕፈትሽ ያምራል ተብላ ቃለ ጉባኤ መያዝ ከጀመረችም አራት ዓመቷ ነው።

ከደብተሯ ሥር በፈረቃዋ የምትሠራው የነጅላ የአደጋ ሪፖርት አለ። ትናንት ከሰዓት በኋላ የካርቶን መቁረጫው ማሽን የነጅላን ሁለት ጣቶች ቆርጧል። ስለቱን የሚከልለው የብረት ሽፋን በቦታው አልነበረም። ሽፋኑ ካለ ማሽኑ ይዘገያል፤ ስለዚህ ጭነት በተጣደፈ ቁጥር አቶ ተስፋሚካኤል ብቅ ይሉና «አንሡት» ይላሉ። በቃል ነው የሚያዙት። ሪፖርቱ ግን በጽሑፍ ነው፤ ሠራተኛዋ ሽፋኑን ያለ ፈቃድ በማንሣቷ አደጋው ደረሰ ይላል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ! የቀረው የሥርጉት ፊርማ ብቻ ነው። እሷ ከፈረመች ነጅላ ያለ ካሳ ትባረራለች።

ጠዋት ሆስፒታል ሄዳ አይታታለች። ነጅላ በፋሻ የተጠቀለለ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «እትዬ ሥርጉት፣ ማሽኑን አበላሸሁባችሁ እንዴ?» ብላ ጠየቀቻት። ይህችን ልጅ ነው ጥፋተኛ ናት ብለሽ ፈርሚ የሚሏት! ሥርጉት ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ደሟ እንደፈላ ነው።

አንድ አጎብዳጅ የሽያጭ ኃላፊ እጁን አወጣ። «ከራስዎ ልምድ አንድ ምሳሌ ቢያካፍሉን?»

አቶ ተስፋሚካኤል ፊታቸው በራ። «ትናንትን ውሰዱ። ጭነቱ ሊያመልጠን ነበር፤ ሁሉም ፈራ። እኔ ግን ሽፋኑ ይነሣ ብዬ አዘዝኩ። ጭነቱ በሰዓቱ ወጣ!»

ስለ ጣቶቹ አላነሡም። የሚፈሩትም ነገር አልነበረም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ በዚህ ቤት ግን ያልተጻፈ ነገር እንዳልተባለ ነው፣ ቃለ ጉባኤው ደግሞ ምንጊዜም «በሰፊው ተወያይተን ተስማምተናል» ከማለት አልፎ አያውቅም። ሥርጉት ግን ዛሬ የተባለውን እንደተባለ ጻፈችው።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የሠራተኞች ሰርቪስ ክላክስ አደረገ። ሰርቪሱ ማንንም አይጠብቅም፤ ስለዚህ ቃለ ጉባኤ ሳይነበብ፣ ቆመው፣ እየተጋፉ ነው የሚፈርሙት። አቶ ተስፋሚካኤልም ብዕራቸውን አውጥተው ቀረቡ። ዝም ብትል ይፈርሙላታል። ግን እውነትን እንደ ሌባ በጓሮ በር ማስገባት አስጠላት። መዳፏን ወረቀቱ ላይ ዘረጋች።

«ዛሬ ይነበብ» አለች፤ አነበበችውም።

አቶ ተስፋሚካኤል ብዕራቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ።

«እሱ እኮ ምሳሌ ነው» አሉ አቶ ተስፋሚካኤል። «ሰርዢው።»

«የነጅላ ጣቶችም ምሳሌ ናቸው?»

«እንጀራሽን የምትፈልጊ ከሆነ ሰርዢው ብዬሻለሁ!»

«ብለዋል ወይስ አላሉም?» ፈርታም ነበር፣ ተናዳም ነበር፤ ንዴቱ በለጠ። ሪፖርቱን ከደብተሯ ሥር አውጥታ ፊታቸው አስቀመጠችው። «ይሄንን አልፈርምም።» ቃለ ጉባኤው ላይ ግን ፈረመች።

ብዕሩን ብትዘረጋ የሚቀበላት ጠፋ። ሁሉም ጫማውን ያያል። በመጨረሻ ጡረታ ሊወጡ ስምንት ወር የቀራቸው መካኒኩ አቶ ቀጀላ ከኋላ ወንበር ተነሡ። የእጃቸውን ግራሶ በቱታቸው ጠርገው ብዕሩን ተቀበሉ።

«ብሎኑን የፈታሁት በገዛ እጄ ነው» አሉ ለሥራ አስኪያጁ። «እርስዎ አጠገቤ ቆመው ነበር። ትናንት ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።» ቀስ ብለው፣ ስማቸውን እስከ አያታቸው ጻፉና ፈረሙ።

ውጭ ክላክሱ ለሁለተኛ ጊዜ ጮኸ። ቀጥሎ ሞተሩ ሲያጓራ፣ ከዚያም ሲርቅ ተሰማ። በሩ አጠገብ ደርሰው የነበሩት ሦስት ኃላፊዎች እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ አንድ በአንድ ወደ ጠረጴዛው መጡ፤ ለመፈረም ይሁን ወረቀቱን ለመንጠቅ ከፊታቸው አይነበብም። ሥርጉት ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው አስጠግታ ተቀመጠች።