ሰማውን ያሸነፈው ማሽን

ባሌ ሰማው በቢቸና ዙሪያ ላሉ ወፍጮዎች ሁሉ ሐኪም ነው። ከጉንደ ወይን እስከ መርጡለ ማርያም ሞተር ሲታመም የሚጠራው እሱ ነው። እንደ ደረሰ ቁልፍ አያነሳም፤ ዐይኑን ጨፍኖ ጆሮውን ወደ ሞተሩ ጣል ያደርግና "ኩሽኔታው ነው" ይላል፤ ኩሽኔታው ሆኖ ይገኛል። ስሙም ያገዘው ይመስለኛል። እኔ ስናገር ብቻ ነው የማይሰማው። ይህንንም ነግሬዋለሁ፤ አልሰማኝም።

በሁለት ሺህ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ዐቢይ ጾም ሊያበቃ ሲል፣ እናቱ እማማ ይርጋነሽ ከጉንደ ወይን ወደኛ መጡ። የሰማው አባት ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ነበር የሚኖሩት። ከኛ ጋር ይኑሩ ብለን ስንለምናቸው ብዙ ዓመት ሆኖን ነበር። "እስኪ ፋሲካን ልዋልና ልየው" አሉ። እንዲያ ማለታቸውም ለኛ ትልቅ ነገር ነው።

ሰማው እናቱ እንዲቀሩለት የፈለገው አንድ ልጃቸው ስለሆነ ነው። እኔ የፈለግሁት ስለምወዳቸው ነው። ምራት ይህን ስትል ሰው በጎን ያያታል፤ ይየኝ። ልጅ አልወለድንም፤ ሰማው ወፍጮ ሊጠግን ወደ ገጠር ሲወጣ ቤቱ ጭር ይልብኝ ነበር። እማማ ከመጡ ወዲህ ግን ሳቅ በሳቅ ሆንን። የሰፈሩን ሰው አረማመድ አንድ በአንድ እየቀዱ ያሳዩኛል፤ ስቆጣ ወገቤን የምይዘውን የኔን ሳይቀር።

ያስቸገረን እጃቸው ነው። ቁርጥማት አለባቸው፤ ግን ሰው ዕቃ ሲያጥብ ቁጭ ብሎ ማየት አይሆንላቸውም። ገና ከማዕድ ሳንነሳ ሳህኑንና ድስቱን ሰብስበው ደጅ ቧንቧው ሥር ይቀመጣሉ። ውሃው ደግሞ ጥርስ ያንገጫግጫል። ዕቃውን ብደብቅባቸው ያገኙታል፤ ብቀማቸው ይቆጣሉ። ከዚያ ጣታቸው አልታጠፍ ብሎ ብርጭቆ በሁለት እጃቸው ሲይዙ ሰማው ያያቸውና ፊቱን ያዞራል።

መላ ያገኘው እሱ ነው፤ ያገኘውም ከፋሲካ በኋላ ጨረታ ላይ ነው። ከተማችን ውስጥ የነበረ የአንድ የውጭ ድርጅት እንግዳ ማረፊያ ተዘግቶ ዕቃው ሲሸጥ፣ ማንም ያልፈለገው አንድ ነጭ ሣጥን ነበር። ሰው ሁሉ ፍሪጅ መስሎት ይከፍተዋል፤ ውስጡ የሽቦ መደርደሪያና የሚሽከረከር ክንፍ ሲያገኝ ዘግቶት ይሄዳል። ሰማው በጋሪ ጭኖ አመጣው።

"ምንድን ነው?" አልኩት።

"ዕቃ ያጥባል።"

"ማን?"

"ሣጥኑ።"

እማማ መደቡ ላይ እንደ ተቀመጡ አማተቡ።

ሰማው ከሮቶው ቱቦ አወረደለት፤ መብራቱን ከኤሌክትሪክ ምጣዱ መስመር ቀጠለለት። የመጀመሪያ ቀን የልብስ ሳሙና ዱቄት በብርጭቆ ሙሉ ገለበጠበት። "እጥበት እጥበት ነው" አለ። ብዙም ሳይቆይ አረፋው በበሩ ሥር ሾልኮ ወጣ፤ ማድ ቤቱን ሞላ፤ ደጃፉን አልፎ ግቢው ገባ። ዶሮዎቹ አጥር ላይ ወጡ። እማማ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። "ልጄ፣ ዕቃውን ትቶ ቤቱን አጠበልን!" አሉ። በማግስቱ ሰማው ሳሙናውን በሁለት ጣቱ ቆንጥሮ ጨመረ፤ ብርጭቆው ሁሉ እያብረቀረቀ፣ እየተነነ ወጣ። ያን ቀን ደስታው ልክ አልነበረውም።

ትሪው ግን አልገባም። እንደ ማንኛውም ቤት የምንበላው በአንድ ሰፊ ትሪ ላይ ነው፤ ማሽኑ ደግሞ የተሠራው ሰው ለየብቻው ለሚበላበት አገር ነው። በቁሙ ቢሉት፣ በጎኑ ቢሉት እምቢ አለ። ሰማው ሁሉን ነገር የሚያየው እንደ ሞተር ነው፤ አንድ ዕቃ አልገጥም ካለ ይለወጣል። "ትሪ ቀረ። ከዛሬ ጀምሮ ሁሉም በየሳህኑ" ብሎ ዐወጀ።

ምሳ ሦስት ሳህን ቀረበ። እማማ የፊታቸውን ሳህን አዩ፤ የኛን አዩ። እኛ አገር ለብቻው ሳህን የሚቀርብለት የሚጋባ በሽታ ያለበት ወይም ቤተሰቡ የተቀየመው ሰው ነው። ግማሹን በልተው ተዉት። እንደ ልማዳቸው ዕቃውን ሊሰበስቡ ሲነሱ ሰማው ዘሎ "ተቀመጭ እናቴ፤ ማሽኑ አለ!" አላቸው። ተቀመጡ። ከዚያ ቀን ወዲህ የሰው አረማመድ መቅዳቱም ቀረ።

አንድ ጠዋት በረንዳው ላይ ሆነው ጠሩኝ።

"ስንድዬ፣ ምን አጠፋሁ?"

"ምን ሆነው ነው እማማ?"

"ለብቻዬ ሳህን ሰጣችሁኝ። ሥራዬንም ወሰዳችሁብኝ። እጁን አጣጥፎ ለብቻው የሚበላ እንግዳ ነው፤ እንግዳ ደግሞ ቤቱ ይገባል። ቅዳሜ በአውቶቡስ እሄዳለሁ።"

ሰማውን ከወፍጮ ቤት እስኪመለስ አልጠበቅሁትም፤ እዚያው ሄድኩበት። "እናትህን በሣጥን ለወጥካቸው! ቅዳሜ ሊሄዱ ነው!" ብዬ ጮህኩ። ያን ጊዜ ሰማኝ። የያዘውን ቁልፍ አስቀመጠ።

ግን ሰማው ሰማው ነውና መድኃኒቱንም ከማሽኑ ፈለገ። "ትሪው ከገባ እኮ አንድ ላይ እንበላለን" አለኝ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ የሽቦውን መደርደሪያ በመጋዝ ቆረጠው፤ ትሪውን አጋድሞ አስገባና በሩን በጉልበቱ ገፍቶ ዘጋው። ማሽኑ ትንሽ አጉረመረመ፤ "ጓ!" አለና ጸጥ አለ። ሲከፈት ክንፉ ትሪው ላይ ተጋጭቶ ተሰንጥቋል፤ ወጥ የለበሰ ውሃ ከሥሩ ቆሟል።

ሰማው ሣጥኑን ማድ ቤቱ መሀል ጎትቶ በጀርባው አስተኛው። ካቻቢቴውን አንስቶ ብሎኑን ሁሉ ፈታ። ማጣሪያው ውስጥ የበርበሬ ፍሬ፣ የጎመን ዘንግ፣ የአጥንት ስባሪና ጠፍቶብኝ የነበረ መርፌዬ ተገኘ። "በየሳምንቱ መጽዳት ነበረበት፤ ይሄን አፍኖ እንዴት ይተንፍስ?" እያለ ያዝንለታል። እጁ እስከ ክርኑ ግራሶና ወጥ ሆነ። ብላ ብለው አይሰማም።

እማማ ይህን አልቻሉም። ሁሉ ነገር ያለፋቸዋል፤ ልጃቸው ሳይበላ መዋል አያልፋቸውም። ጦሰኛውን ትሪ አጠቡት፤ እንጀራ ዘረጉበት፤ ሽሮ ገለበጡበትና ከብሎኑ መሀል መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

"ና ብላ።"

"እጄ ቆሽሿል እናቴ።"

"እጅህን ማን ጠየቀህ? አፍህን ክፈት!"

ያ ትልቅ ሰው ፒንሳውን እንደ ጨበጠ አፉን ከፈተ። አጎረሱት። ደገሙለት። እኔንም ጠርተው አጎረሱኝ፤ እኔም እሳቸውን አጎረስኩ። በመጨረሻ እማማ ዐይናቸውን ጨፍነው ጆሯቸውን ሣጥኑ ላይ ለጠፉና በሰማው ድምፅ "ጎመን ነው" አሉ። ሦስታችንም ወለሉ ላይ በሳቅ ተንከባለልን።

ነገሩ አለፈ ብዬ "ታዲያ ነገ ይቀራሉ አይደል?" አልኳቸው።

"ነገ ማሽኑ ሲድን እኔ ተመልሼ እንግዳ ነኝ፣ ስንድዬ" አሉ ትሪውን እያነሱ። "ልጄን አውቀዋለሁ፤ ሳያድነው አይተወውም።"

ቅዳሜ ጠዋት ጓዛቸውን ቋጥረው በር ሥር አስቀመጡና "ቤተ ክርስቲያን ተሳልሜ ልምጣ" ብለው ወጡ። ሰማው ማሽኑ ላይ ነበር። የተሰነጠቀውን ክንፍ በጋለ ሚስማር የጀሪካን ቁራጭ አቅልጦ ደፈነው፤ ማጣሪያውን በጥርስ ብሩሽ ፈግፍጎ መለሰ፤ ብሎኑን አጠበቀ፤ ሣጥኑን አቁሞ ሶኬቱን ሰካ። ውሃው ገባ። ክንፉ ዞረ። ማሽኑ ድምፁ እንኳን ከበፊቱ አምሮበት ያጥብ ጀመር። ሰማው ዐይኑን ጨፍኖ ጆሮውን ለጠፈበት፤ ጥርሱ ሁሉ ታየ።

"ስሚው! ስንዱ፣ ስሚውማ!"

"እኔ የምሰማው የአውቶቡሱን ጥሩምባ ነው" አልኩት። ተቆጥቼ ነበር፤ ወገቤንም ይዣለሁ።

ዐይኑን ገለጠ። በር ሥር ያለውን ቋጠሮ አየ። ከዚያ ማሽኑን አጠፋ፤ ሶኬቱን ነቀለ። ያጠበቀውን ብሎን መልሶ ፈታ፤ የፊት ክዳኑን አንስቶ ወለሉ ላይ ጣለ፤ ብሎኖቹን እዚህም እዚያም በተነ። ግራሶ በጣቱ ጠቅሶ ግንባሩን ቀባ። ገባኝ። እጄን ከወገቤ አወረድኩ።

እማማ ገቡ። ጫማቸውን ሊያወልቁ በአንድ እጃቸው ሣጥኑን ተደገፉ።

"እህ፣ ዳነ?"

ሰማው ከወለሉ ቀና አለ። ይህ ሰው ወፍጮ አልነሳ ብሎት እዚያው ወፍጮ ቤት ሰንብቶ ያውቃል እንጂ ተሸንፎ ተመልሶ አያውቅም።

"አቃተኝ እናቴ" አለ። "አይሠራም። ከዚህ በላይ የማውቀው የለኝም።" ውሸቱ ነው፤ ግን እንደ እውነት አመመው።

እማማ እጃቸውን ከሣጥኑ ሳያነሱ አዩት።

"ታዲያ ይሄን ሁሉ ዕቃ ማን ሊያጥበው ነው?" አሉ።

"እንጃ። ስንዱ ብቻዋን አትችለውም።"

"በል ተነስ፣ ጓዜን አስገባልኝ።"

እኔም ጊዜ ሳላጠፋ ሕግ አወጣሁ፤ ከእንግዲህ ውሃ ሳይሞቅ ዕቃ አይነካም፤ እኔ አጥባለሁ፣ እሳቸው ያለቀልቃሉ። ውሃ አሞቅሁና ጎን ለጎን ተቀመጥን። ሰማው ጓዙን ይዞ ጓዳ ሲገባ እማማ በክርናቸው ነካ አደረጉኝ።

"ስንድዬ።"

"አቤት።"

"ሣጥኑ ትኩስ ነበር።"

ወደ ጓዳው ዞርኩ።

"ዝም በይ፣ እንዳትነግሪው" አሉ። እየሳቁ ነበር፤ እንባቸውንም በእጅጌያቸው ይጠርጋሉ። "ልጄ ለኔ ብሎ ተሸነፈ። ለማን ብሎ እንዲህ ያደርጋል ሰው?"

ይህ ከሆነ ዓመታት አለፉ። እማማ ዛሬም እኛ ጋ ናቸው፤ የምንበላውም በትሪ ነው። ሣጥኑ ማድ ቤቱ ጥግ ጥልፍ ለብሶ ቆሟል። ሰው ስለሱ ሲጠይቅ ሰማው "እሱ አይነሳብኝ፣ እኔንም ያሸነፈኝ እሱ ብቻ ነው" ይላል። ከዚያም ሰው ሳያየው ማጣሪያውን ያጸዳል።

በዓል ሲሆን ቤቱ በጎረቤት ይሞላና ሳህኑና ብርጭቆው ተከምሮ መስኮቱ ይደርሳል። እማማ ክምሩን ያያሉ፤ ጣቶቻቸውን ያያሉ። ከዚያ ነጠላቸውን ያነሱና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው "እኔ ቤተ ክርስቲያን ደርሼ ልምጣ፤ ቆየት ማለቴ አይቀርም" ይላሉ። ገና ከአጥሩ ሳይወጡ ሰማው ሶኬቱ ጋ ደርሷል። ሲመለሱ ዕቃው ሁሉ ታጥቦ፣ ደርቆ ተደርድሯል።

"ጎበዝ ስንዱ! ይሄን ሁሉ ብቻሽን ጨረስሽው?" ይሉኛል፣ ልጃቸው እየሰማ።