ትርጉሙን ብቻ

ሩሐማ ከትምህርት ቤት እንደ ገባች ቦርሳዋን ኮሪደሩ ላይ ጣለችና፣ «አባዬ፣ በእንግሊዝኛ ታሪክ ውስጥ ሴቲንግ የሚሉት ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችው።

ተክለ ማርያም ሽንኩርት እየላጠ ነበር። ቢላውን አስቀመጠ። ፍራንክፈርት ከመጡ ወዲህ ልጁ ስለ ትምህርቷ ጠይቃው አታውቅም። ሒሳቡም ባዮሎጂውም በጀርመንኛ ነው፤ የእሱ ጀርመንኛ ደግሞ ከአውሮፕላን ማረፊያው የሻንጣ ሥራና ቴርሚን፣ ማለትም ቀጠሮ፣ ከመያዝ አያልፍም። እንግሊዝኛ ግን ሌላ ነው። ደብረ ብርሃን ሳለ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ሲያስተምር የኖረው እንግሊዝኛ ነበር።

«መቼት ማለት ነው» አላት። «መቼ እና የት። ሁለቱን ስታጋጥሚያቸው መቼት ይሆናል።»

ሩሐማ ሳቀች። «መቼት! አሪፍ ነው!» አለችና ለራሷ ደጋገመችው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ኖርድቬስትሽታት ሰፈር ያለው ጠባብ ወጥ ቤታቸው ክፍል ሆነ። ተክለ ማርያም ቆሞ ያስተምራል። ጭብጥ፣ ሴራ፣ ግጭት፣ ተራኪ፣ ተነጻጻሪ ዘይቤ፣ ሰውኛ ዘይቤ፤ እያንዳንዱን በእንግሊዝኛ ከነትርጉሙ ያስይዛታል። ሚስቱ ዕፀገነት ከአረጋውያን መጦሪያው ሥራዋ ስትመለስ ድምፁን ገና ደረጃው ላይ ትሰማዋለች። እንዲህ ያለ ድምፅ ከአገሩ ከወጣ ወዲህ ወጥቶት አያውቅም።

ለእንግሊዝኛ ፈተናው የተሰጣቸው ታሪክ አጭር ነበር። አንዲት እናት የልጇን ውሻ ትሸጥበታለች፤ ልጁም «ድሮም አልወደውም ነበር» ብሎ ይዋሻታል።

አንድ ቀን ሩሐማ የግጭት ዓይነቶችን እየቆጠረች መሃል ላይ አቆመች። «አባዬ፣ ግን ልጁ ለምን የዋሸ ይመስልሃል? እኔ እኮ የመሰለኝ...»

«እሱ ኋላ ይደረስበታል። መጀመሪያ ትርጉሙን።»

«እሺ፣ ግን የመሰለኝ...»

«የመሰለሽን ፈተና ላይ አትጻፊ» አላት ቆጣ ብሎ። «መሰለኝ ያለ ሁሉ ይሳሳታል። ትርጉሙን የያዘ ሰው አይሳሳትም። በይ ቀጥዪ፣ ሰው ከሰው፣ ሰው ከተፈጥሮ...»

ሩሐማ ቀጠለች።

ፈተናው ሲመለስ አምስት አግኝታ መጣች። እዚያ አገር አንድ የጎበዝ ነው፤ አምስት ወድቀሻል ማለት ነው። ተክለ ማርያም ወረቀቱን ቀምቶ አነበበ። አንድም ትርጉም አልተሳሳተም። ቃል አልጎደለም፣ ፊደል አልተዛነፈም።

«አየሽ?» አለ ለዕፀገነት፣ ወረቀቱን እያሳያት። «የአበሻ ልጅ አውቃ ስትገኝ አይዋጥላቸውም። ከጎበዞቹ ትምህርት ቤት፣ ከጊምናዚየም ሊያስወጧት ነው!»

«ረጋ በል ተክሌ፤ መጀመሪያ ጠይቃቸው።»

«እጠይቃለሁ እንጂ! በእንግሊዝኛ ነው የምጠይቃቸው!»

ቴርሚን አስያዘ። በዕለቱ ለሠርግ የሚለብሰውን ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ከልጁ ጋር ሄደ። የእንግሊዝኛ አስተማሪዋ ፍራው ሊንደማን ገና ወጣት ነች። ውኃ ቀዳችላቸውና ያዘጋጀውን ንግግር ሳታቋርጥ ሰማችው።

«እውነትዎን ነው» አለችው በእንግሊዝኛ። «ትርጉሞቹ ሁሉ ትክክል ናቸው። እኔ ግን ትርጉም አልጠየቅሁም።» ጥያቄውን በጣቷ አሳየችው። የልጁ ውሸት ስለ ታሪኩ ግጭት ምን ይነግረናል? ይላል። ሩሐማ ከሥሩ የግጭት ዓይነቶችን በሙሉ ደርድራለች። ስለ ልጁ አንድ ቃል የለም።

ከዚያ አስተማሪዋ ወደ ሩሐማ ዞራ በጀርመንኛ አንድ ነገር ጠየቀቻት። ሩሐማ አባቷን አየች፤ ወለሉን አየች። ከዚያ መናገር ጀመረች፤ መጀመሪያ በቀስታ፣ በኋላ ግን እጇን እያወራጨች፣ ፊቷ እየፈካ። ተክለ ማርያም «እናት» የሚለውንና «ማፈር» የሚለውን ብቻ ለቅሞ ያዘ። ፍራው ሊንደማን ብዕሯን አስቀምጣ ነበር የምትሰማት።

«እንዴት ግሩም ነው! ታዲያ ለምን አልጻፍሽውም?» አለቻትና ይህንኑ ለአባትየው በእንግሊዝኛ ደገመችለት።

ሩሐማ በጀርመንኛ መለሰች። አባቴ አትጻፊ ብሎኝ ነው አለች። ይህቺን ማንም ሳይተረጉምለት ገባችው።

ወደ ቤት ሲመለሱ ባቡሩ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«ልጁ ለምንድን ነው የዋሸው?» አላት።

«እናቱ የሸጠችው ቸግሯት ነው» አለች ፊቷን ከመስኮቱ ሳትመልስ። «እሱ ካለቀሰ ታፍራለች። እንዳታፍር ብሎ ነው። ማንም የሚያውቀው ነገር ነው።»

ተክለ ማርያም አላወቀውም ነበር። ታሪኩን ያነበበው ዘይቤና ግጭት ሊለቅምበት ነው እንጂ ስለ ልጁ አስቦ አያውቅም። ጎበዝ ሊላት ፈለገ። አፉ ላይ የመጣው ግን ሌላ ነበር፦ «ታዲያ ይህንን እኮ ከትርጉሙ ጋር አያይዘሽ...»

ሩሐማ ማዳመጫዋን ጆሮዋ ውስጥ ሰካች።

አስተማሪዋ ከትልልቆቹ ክፍል አንዲት ተማሪ አገናኘቻትና ልጅቷ እየመጣች ታስጠናት ጀመር። ተክለ ማርያም በዚያ ሰዓት ቤት እንዳይገኝ የሥራ ተራውን ወደ ከሰዓት አስቀየረ። ለዕፀገነት ግን አለቃው ጠይቆት እንደሆነ ነገራት።

አንድ ቀን አውሮፕላን ማረፊያው ምግብ ቤት ተቀምጦ ሲበላ አንድ ወጣት ከኋላው «ቲቸር!» ብሎ ጮኸ። ፍሬው የሚባል ነው፤ ደብረ ብርሃን ስምንተኛ ክፍል አስተምሮታል። በቅርቡ የመኖሪያ ፈቃድ አግኝቶ በጽዳቱ በኩል መቀጠሩ ነበር። ትከሻውን ስሞ ጨረሰና ወደ አበሾቹ ጠረጴዛ እየጎተተ ወሰደው።

«እኔን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው! ትምህርታቸው ዛሬም ከነነፍሱ አለ፣ ስሙ!» አለና ተነሥቶ ቆመ። የገጸ ባሕርይ ዓይነቶችን በእንግሊዝኛ ከነትርጉማቸው በቃሉ አነበነበላቸው። አንድ ቃል አልዘለለም። ጠረጴዛው በጭብጨባ ተናጋ።

ተክለ ማርያም አላጨበጨበም። «እስቲ ምሳሌ ስጠኝ» አለው። «ካነበብከው ታሪክ።»

«ታሪክ?» ፍሬው ሳቀ። «ታሪክ መቼ አነበብን ቲቸር? ትርጉሙን ብቻ ያዙ ይሉን ነበር እኮ። በጀን! ሚኒስትሪን ያለፍነው በዚያ ነው። እግዜር ይስጥልኝ።»

ምስጋና ነበር። ከልቡ ነበር። ተክለ ማርያም የደብረ ብርሃኑን ክፍል አስታወሰ። አንድ ክፍል ውስጥ ሰማንያ ልጅ፣ የማንበቢያ መጽሐፍ ደግሞ ለሁሉም አንድ፣ እሱም ገጹ ያለቀ። ታሪክ ሰሌዳ ላይ ተጽፎ አያልቅም፤ ትርጉም ግን ይበቃዋል። እሱም ራሱ የተማረው እንደዚያው ነው። ምን መሰለህ ብሎ የጠየቀው መምህር አልነበረም። ለፍሬው ይህን ሁሉ ሊነግረው አፉን ከፈተና፣ «በርታ ልጄ» ብሎ ተነሣ።

በዕረፍቱ ቀን ቤት ሲገባ ሩሐማና አስጠኚዋ ጠረጴዛው ላይ ተደፍተው በሣቅ ይፈርሳሉ። በሩ ላይ ቆመ።

«ምን እያነበባችሁ ነው?»

«ሌላ ታሪክ ነው።»

«ስለ ምን?»

ሩሐማ ልጅቷን አየች፤ መልሳ እሱን አየች። «ይረዝማል አባዬ» አለችው። በትሕትና ነበር ያለችው፤ ደጅ ለቆመ እንግዳ እንደሚባለው።

ወደ መኝታ ቤት ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ዕፀገነት ራት ብላ ጠራችው፤ በልቻለሁ አላት።

በሚቀጥለው ፈተና ሩሐማ ሁለት አገኘች። የምሥራቹን የነገረችው ለእናቷ ነው። እሱ ከግድግዳው ወዲያ ሆኖ ሰማ፤ እልልታውንም ሰማ። እስኪጠሩት ጠበቀ።