«ደህና ነን፣ ብቻ…»

ከቡሬ ወጣ ብሎ የሚያርሱት አያ አድማሴ ፍኖተ ሰላም ወዳለው የከብት አርቢዎች ኅብረት ቢሮ ሲገቡ፣ ከበሩ እስከ ጠረጴዛው ያለው መንገድ ለሰላምታቸው አልበቃም። የቢሮው ኮምፒውተሮች ኃላፊ ሲሳይነሽ ብድግ ብላ ተቀበለቻቸው።

«ቤተሰቡ፣ ከብቱ፣ ደህና ናችሁ አያ?»

«እግዜር ይመስገን፣ ሁሉም ደህና ነው። ብቻ አንዱ በሬ ሞተ።»

ከዚያ ስልካቸውን አወጡ። «የሁለቱም በሬዎች ጉሮሮ አብጧል ብዬ ሦስቴ መልእክት ላክሁ። ሦስቴም ‹ከብቶችዎ ጤነኛ መሆናቸውን መዝግበናል፤ እናመሰግናለን› አላችሁኝ። አሁን ሰኔ ገባ። ሁለተኛውም ከሞተ በምን ላርስ ነው? በናንተ ምስጋና?»

ሲሳይነሽ የከብት ሐኪሙን በሞተር አብሯቸው ላከችና መልእክታቸውን አነበበች፦ «እንደምን ሰነበታችሁ። እኛ ደህና ነን፤ ከብቱም ደህና ነው፤ ብቻ ሁለቱ በሬዎች…»

የገበሬዎቹን መልእክት ተቀብሎ የሚመዘግበው፣ ጃቫ በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የተሠራው ሶፍትዌር «ደህና» የምትለውን ቃል ሲያይ የቀረውን ሳያነብ በሩን ዘግቶ ይተኛል። ሦስት ሳምንት ሙሉ የአካባቢው የከብት ሕመም ዜሮ የሆነው ለዚህ ነው። ለዜሮዋም ተጨብጭቦላታል፤ ሥራ አስኪያጁ አቶ ደስታው የምስጋና ወረቀቱን መስታወት ውስጥ አስገብተው ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል።

ሶፍትዌሩን ተክሎ ወደ አዲስ አበባ የተመለሰው ገነነ ጋ ደወለች።

«ገበሬው ሥልጠና ያስፈልገዋል» አላት። «ሰላምታውን ትቶ ሕመሙን በቀጥታ ይጻፍ።»

«ገና በር ላይ ‹በሬዬ ሞተ› የሚል እንግዳ የት አይተህ ታውቃለህ?»

«ሶፍትዌሩ እኮ ሃያ አገር ውስጥ ይሠራል!»

«ማንኩሳ ግን አልደረሰም።» ዘጋችው። የማንኩሳ ልጅ ናት። አባቷ የታመመ ጊዜ ሊነግሯት ዩኒቨርሲቲ ድረስ የመጡት አጎቷ እንኳ መጀመሪያ ግማሽ ሰዓት ስለ ፈተናዋ ጠይቀዋታል።

ሶፍትዌሩ አንድ ደግ ጠባይ አለው፤ ሆዱን ሳይከፍቱ፣ መልእክት በሚገባበት በር ላይ የራስን ዘበኛ ማቆም ይፈቅዳል። ሲሳይነሽ ዘበኛውን በኮድ ጻፈችው። የመጣውን መልእክት በር ላይ ያስቆማል፤ ሰላምታው እስኪያልቅ ይታገሣል፤ «ብቻ» ወይም «እንዲያው» የሚል ሲሰማ ነቃ ይላል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ወደ ውስጥ ያሳልፋል። መልስ ሲሰጥም አስቀድሞ እጅ ይነሣል። ይህንንም ያስተማረችው እሷ ናት።

ያለፉትን ሦስት ሳምንታት መልእክቶች እንደገና በዘበኛው በኩል አስገባቻቸው። ከቡሬ እስከ ደምበጫ የተደበቀ ሕመም ብቅ ብቅ አለ።

አቶ ደስታው ከቢሯቸው ወጡ። «ዜሮዬን ምን አደረግሻት?»

«አድጋለች ጌታዬ። አሥራ አንድ ሆናለች።»

ግድግዳውን አዩ፣ እሷን አዩ፣ ከዚያ ሐኪሞቹን ራሳቸው ጠሩ።

በሳምንቱ ከገነነ መልእክት መጣ፦ «እንደምን አደርሽ ሲሳይነሽ፣ ቤተሰብ እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን። ብቻ ስለ ዘበኛሽ ሰምተን፣ ሶፍትዌሩን የሚጠቀሙ ሌሎቹም ቢሮዎች ኮድሽን ፈልገውታል።»

ወንበሯ ላይ ተደላድላ ተቀመጠች። የሃያ አገሩ ሰው ሰላምታ ለምዷል! መልሱን ልትጽፍ ስትል ከቡሬ ሌላ መልእክት ገባ፦

«እንደምን ሰነበታችሁ። የላካችሁልኝ ሰላምታ ደርሶኛል። እኛ ደህና ነን፤ የቀረው በሬም ደህና ነው፤ ዛሬ ከጎረቤት በሬ ጋር ጠምጄው ዋልሁ።»

ሲሳይነሽ «ብቻ»ን ፈልጋ ሦስት ጊዜ አነበበችው። የለችም።