ቁልፍ ሠሪውና የቀለለው ድንች

ቁልፍ ሠሪው ሚስቱን መጠርጠር የጀመረው በድንች ነው።

ቀቅላ ፈጭታ፣ በወተትና በቅቤ ለውሳ የምታቀርብለት ድንች የዋዛ ምግብ አልነበረም። ማንኪያ ቢሰኩበት ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ አንዴማ ከጎረቤት የተዋሱት ማንኪያ አልነቀል ብሎ ከነሳህኑ ተመልሷል። ሰውዬው ያንን በልቶ ሲነሳ ወንበሩ እፎይ ይል ነበር።

ሰሞኑን ግን ድንቹ ቀለለበት። ነጣ፣ ለሰለሰ፣ ማንኪያው ይጋደም ጀመር። ሆዱ ውስጥ ገብቶም እንደ ድሮው ተከናንቦ አይተኛም። ከምሳ በኋላ ቆሞ ያንቀላፋ የነበረ ሰው አሁን ዓይኑ እንደ ጉጉት ፈጦ ይውላል። ዓይን ከፈጠጠ ደግሞ የማያየው የለም።

መጀመሪያ ያየው የትራስ ልብስ ነው። ምድጃው አጠገብ ተሰቅሏል፣ ሁልጊዜ እርጥብ፣ ተጠምዝዞ የተጨመቀ። መኝታ ቤት ገብቶ ቢያይ ትራሶቹ ሁሉ ልብሳቸውን ለብሰዋል። ሚስቱን ሲጠይቃት አጥቤው ነው አለችው። በምን ቢታጠብ ነው ጎመን ጎመን የሚሸተው?

ከዚያ ሐኪሙ ትዝ አለው። ስኳርህ ከፍ ብሏል፣ ድንች ቀንስ፣ አለዚያ ቀድሞ የሚሄደው ዓይንህ ነው ብሎት ነበር። እሱ ደግሞ ያን ቀን ቤቱ ገብቶ፣ ድንቼን የነካ ሰው ከዚህ ቤት ይውጣ ብሎ ፎክሯል። ሚስቱ አንዲት ቃል አልመለሰችም። እሷ ዝም ካለች ደግሞ አንድ ነገር አለ።

የባሰው በኋላ መጣ። የረሳውን መነጽር ሊወስድ ተመልሶ በሩ ጋ ሲደርስ፣ ሚስቱ መንገዱ ጥግ ላይ ላለው አትክልት ሻጭ፣ ሰፈሩ ሳቂታው ለሚለው ሰው፣ በስልክ ስትናገር ሰማ።

"አበባውን እሱ ሲወጣ አምጣልኝ። ካየው ጉዳችን ነው።"

አበባ። እሱ በትዳር ዘመኑ አንዴ ብቻ አበባ አምጥቶላት ያውቃል፤ ያውም የፕላስቲክ፣ ያውም ደንበኛ ሱቁ ረስቶት የሄደ። የሰው በር ሲከፍት የኖረ ሰው በገዛ በሩ ላይ ቁልፍ ጠፋበት። እውነት ከሆነ ሻንጣዬን ይዤ እወጣለሁ ብሎ ቆረጠ።

በማግስቱ ሱቁን ሳይከፍት ከመንገድ ተመለሰ። ማጠፊያውን ራሱ ዘይት ስላጠጣው በሩ ትንፍሽ አላለም። ሚስቱ ጀርባዋን ሰጥታ የትራሱን ልብስ እየጠመዘዘች ትጨምቃለች፤ ሳቂታው ባዶ ፌስታል ይዞ አጠገቧ ቆሟል።

"አበባው የት ነው?" አለ ቁልፍ ሠሪው።

ሳቂታው ሳቁን ዋጠ።

"የትኛው?" አለች ሚስቱ።

"ይሄ ሰውዬ የሚያመጣልሽ ነዋ።"

"የትናንቱን በላኸው። የዛሬው ይኸው።"

የትራሱን ልብስ ፈታችው። ተቀቅሎ የተጨመቀ አበባ ጎመን እንደ በረዶ ኳስ ዱብ አለ። ሳቂታው እየተንተባተበ፣ እኛ አትክልት ሻጮች በአጭሩ አበባ ነው የምንለው አለ። እሷም ሳትቸኩል አስረዳችው፤ ውሃው ካልተጨመቀ ሾርባ ይሆንባታል፤ ድንቹን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየቀነሰች አበባውን ስትጨምር ከርማለች፤ ቅቤውንም እንደዚያው ቀንሳለች።

"ድንቼን የነካ ይውጣ ብለህ የለ? ነክቻለሁ። ውጪ ካልከኝ እወጣለሁ" አለች። "ዓይንህ ከጠፋ ግን የማንን ቁልፍ ልትቀርጽ ነው?"

ቁልፍ ሠሪው በሩን አየ፣ ምድጃውን አየ። ከዚያ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። ሳቂታውንም ከእንግዲህ እኔ ቤት እያለሁ አምጣ፣ በፊት ለፊት በር፣ አለው።

ሳህኑ ሲቀርብለት ማንኪያውን ሰካ። ተጋደመ። ጎንበስ ብሎ በጥርጣሬ አገላበጠው።

"ከዚህ ውስጥ ድንቹ የትኛው ነው?"

"ፈልገው" አለች ሚስቱ። "ዓይን አለህ አይደል?"

ሲፈልገው ሳህኑ አለቀ።